ኅዳር ሲታጠን፣ አስታማሚ ሲታመም

ኅዳር 12 ቀን የአያቴ ግቢ ጥጋጥጉ ሳይቀር ይፈተሽ ነበር። የተቀደደ ስልቻ፣ አንድ እግሩ የጠፋ ጫማ፣ ከአጥር ሥር የተከማቸ የባሕር ዛፍ ቅጠል ሁሉም ደጃፍ ላይ ይከመርና ክብሪት ይጫርበታል። ከጎረቤት ደጅም እንዲሁ፣ ከማዶም እንዲሁ። ሰፈሩ በጭስ ይታፈናል፤ እኛ ልጆች ዐይናችን እያለቀሰ እሳቱን እንዞራለን። አንድ ዓመት «እማማ፣ ለምንድን ነው የምናቃጥለው?» ብዬ ብጠይቃት፣ «ኅዳር ሲታጠን ነዋ!» አለችኝ። መልስ መሆኑ ነው።

ዓመታት አልፈው ያንን መልስ ደግሜ ሳስበው የገረመኝ ሰዋስዉ ነው። የሚታጠነው ቆሻሻው አይደለም፣ ሰፈሩም አይደለም፤ ወሩ ነው። ዐጠነ ከግእዝ የወረስነው ግስ ነው። ዕጣን ከእሱ ይወጣል፤ ካህኑ ጽና ይዞ የሚያደርሰው ማዕጠንትም ከእሱ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ ጓዳ ሲገባ ደግሞ ሕክምና ይሆናል፦ አራስ ትታጠናለች፤ ጉንፋን የጠናበት ሰው የባሕር ዛፍ ቅጠል ካፈላ ድስት ላይ ጎንበስ ብሎ፣ ጋቢ ተከናንቦ ይታጠናል። «ኅዳር ታጠነ» ያለ ሰው እንግዲህ ወሩን እንደ በሽተኛ ጋቢ አልብሶ ድስት ላይ አጎንብሶታል ማለት ነው።

ወሩ የታመመው በ1911 ዓ.ም. ነው። ኅዳር 2 ቀን አውሮፓ ውስጥ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ተኩስ ቆመ። አዲስ አበባ ላይ ግን በዚያው ወር ሰው እንደ ቅጠል ይረግፍ ነበር። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ራሳቸው በጠና ታመው ለጥቂት ተርፈዋል። በከተማዋ ብቻ የሞተው ሰው 10,000 ያህል እንደሚሆን ይገመታል። ከዓለም ሕዝብ 500 ሚሊዮን ያህሉን ይዞ፣ ብዙዎች እንደሚገምቱት 50 ሚሊዮን የሚሆነውን የጨረሰው ኢንፍሉዌንዛ ነበር። የአዲስ አበባ ሰው ይህን አላወቀም፤ ስለዚህ በመጣበት ወር ጠራው፦ የኅዳር በሽታ። የኅዳር 12ቱ ጭስም ከዚያ ዘመን የተረፈ ልማድ እንደሆነ ሲወርድ ሲዋረድ ይነገራል።

የግእዝ መምህራን ኅዳርን የሚፈቱት ከኀደረ ነው፤ አደረ ማለት ነው። ገበሬው የደረሰ ሰብሉን ከወፍና ከአውሬ ለመጠበቅ ማሳው ላይ የሚያድርበት ወር ስለሆነ ነው ይላሉ። (ግብጾች ይህንኑ ወር ሃቱር ይሉታል፤ ስሙ ሃቶር ከተባለችው የጥንት አምላካቸው የመጣ ነው። የእኛ መምህራን ግን ከኀደረ ንቅንቅ አይሉም።) የመጽሐፍ ማኅደርም፣ የእንግዳ ማደሪያም ከዚሁ ግንድ ናቸው። በሽታውም እነሆ ወሩ ላይ አድሮ ከመቶ ዓመት በላይ ቆየ።

ይህ አሰያየም ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። ሌላው ዓለም በዚያን ጊዜ በሽታውን በሰው አገር ስም እየጠራ ነበር። «የስፔን ጉንፋን» የተባለው ከስፔን ስለተነሣ አይደለም። ተዋጊዎቹ አገሮች ጋዜጦቻቸውን አፍነው ስለያዙ፣ ከጦርነቱ ውጭ የነበረችው ስፔን ግን የንጉሧን የአልፎንሶ 13ኛን መታመም ሳይቀር በግልጽ ስለጻፈች ነው። እውነት የተናገረ በስሙ ተቀጣ። ስፔኖቹ በተራቸው በዘመኑ ማድሪድ ውስጥ በታወቀ አንድ ዜማ ስም «የኔፕልስ ወታደር» አሉት። የዓለም ጤና ድርጅት አዲስ በሽታ በአገር፣ በሕዝብ ወይም በእንስሳ ስም እንዳይጠራ መመሪያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። የአዲስ አበባ ሰው ያለ መመሪያ 97 ዓመት ቀድሞታል።

ኢንፍሉዌንዛ የጣልያንኛ ቃል ነው፤ ሥሩ ላቲን ሲሆን «ወደ ውስጥ መፍሰስ» ማለት ነው። የመካከለኛው ዘመን ሰው በሽታን ከከዋክብት የሚፈስ ኃይል ያመጣዋል ብሎ ያምን ነበር፤ የእኛ ሰው «ኮከባችን አልገጠመም» እንደሚለው ዓይነት። እ.ኤ.አ. በ1743 ከጣልያን የተነሣው ወረርሽኝ ወሬ እንግሊዝ ሲደርስ ቃሉም አብሮ ገባ። ፈረንሳዮችና ጀርመኖች ደግሞ ግሪፕ ይሉታል፤ ጨምድዶ መያዝ ከሚል የፈረንሳይኛ ግስ ነው። እዚህ ላይ አማርኛ ፈገግ ይላል፤ እኛም «ጉንፋን ያዘኝ» ነው የምንለው።

አማርኛ በዚህ ብቻ አይወሰንም። በሽታ እንደየዓይነቱ የተለየ ግስ አለው። ምች ከመታ የወጣ ነው፤ ላብ ላይ ሳሉ ፀሐይ ይመታል፣ ከዚያ ዳማ ከሴ ተጨምቆ በቡና ይጠጣል፣ ፊትም ይታሻል። ብርድም ይመታል። ነፋስ ግን ይመታልም፣ ይገባልም። ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ መስኮት የከፈተ ተሳፋሪ ከኋላ «ኧረ ዝጋው ወንድሜ፣ ነፋስ ይመታናል!» ሲባል ያልሰማ የአዲስ አበባ ልጅ የለም። አሥራ ሁለት ሰው በአንድ ትንፋሽ ታፍኖ ይሄዳል፤ ቢሳልም አብሮ፣ ቢያስነጥስም አብሮ። ነፋስ፣ ነፍስ፣ ትንፋሽ ግን የአንድ ሥር ልጆች ናቸው፤ ነፈሰ ነው እናታቸው። ጉንፋንም ሆነ ሳንባ ነቀርሳ የሚጋባው በትንፋሽ ነው፤ ትንፋሹን የሚያሳሳው ደግሞ ያ የምንሸሸው ነፋስ ነው። የሕሙማን ክፍል መስኮት ክፈቱ የሚል ነርስ ከቋንቋችን ጋር ነው የሚታገለው። እኔ ከነርሱ ጋር ነኝ።

ወረርሽኝ ላይ ብዙ አልቆይም፤ ግልጽ ነው። ወረረ፣ ወረራ፣ ወራሪ፣ ወረርሽኝ። ቃሉ ጠንካራ ነው፤ ሲሰሙት ያስደነግጣል። ነገር ግን ያሳስታል ባይ ነኝ። ወራሪ ከድንበር ማዶ ይመጣል፣ ሲመጣ አቧራው ይታያል። ኢንፍሉዌንዛ የያዘው ሰው ግን ምልክቱ ሳይታይበት አንድ ቀን ቀድሞ ማጋባት ይጀምራል፤ በዚያ ቀን ሰርግ ላይ አጉርሶን ይሆናል። በዓለም ቋንቋዎች የገባው ፓንዴሚክ የተባለው የግሪክ ቃል ስለ ጠላት አንዳች አይናገርም፤ ፓን ሁሉ፣ ዴሞስ ሕዝብ፣ በቃ። ሁሉ ሕዝብ።

ክትባት ግን ሊቆዩበት የሚገባ ቃል ነው። ከተበ ጻፈ ማለት ነው፤ ከዐረብኛው ከተበ ጋር አንድ ነው፤ ዐረቦች መጽሐፍን ኪታብ የሚሉትም ከዚያው ነው። እኛ ዘንድ ክታብ አንገት ላይ ተንጠለጠለ፦ በብራና የተጻፈ ጸሎት፣ በቆዳ የተሰፋ፣ ከበሽታና ከዓይነ ጥላ የሚጠብቅ። ቀጥሎ ፈንጣጣን ለመከላከል ክንድ የሚበጣው ሰው መጣ፤ ሕዝቡም አዲስ ቃል አልፈለገለትም። ክታብ አንገት ላይ፣ ክትባት ክንድ ላይ። «ተከተብኩ» ያለ ሰው ሥርወ ቃሉን ከተከተልን «ተጻፈብኝ» ነው ያለው። የአያቴ ግራ ክንድ ላይ የነበረችው ክብ ጠባሳ የማኅተም ያህል ነበረች፤ ሻሽ ስታስር እጅጌዋ ወደ ላይ ሲሸሽ እናያት ነበር። ያ ጽሕፈት ሥራውን ሠርቷል፤ ኢትዮጵያ ውስጥ የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመምተኛ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1976 ኦጋዴን ውስጥ ነው።

የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ግን አንዴ ተጽፎ አይቀርም። ቫይረሱ ራሱን ሲገለብጥ እንደ ሰነፍ ደብተራ ነው፤ ፊደል ይገድፋል፣ መስመር ይዘላል። ግድፈቱ ተጠራቅሞ ሰውነታችን ዐምና የሚያውቀውን ዘንድሮ አያነበውም። ስለዚህ የዓለም ጤና ድርጅት የሚያሰባስባቸው ባለሙያዎች በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በየካቲት ለሰሜኑ፣ በመስከረም ለደቡቡ ንፍቀ ክበብ፣ የትኛው ቅጂ ይከተብ ብለው ይወስናሉ። አንዳንዴ ደግሞ ቫይረሱ መግደፉን ትቶ ከወፍ ወይም ከዓሣማ ቫይረስ ሙሉ ምዕራፍ ተውሶ ይመጣል፤ ያኔ ነው ማንም አንብቦት የማያውቅ መጽሐፍ የሚወለደው። እ.ኤ.አ. በ1957፣ በ1968ና በ2009 እንዲህ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1997 ሆንግ ኮንግ ውስጥ በወፍ ጉንፋን ከተያዙት 18 ሰዎች 6ቱ ሞተዋል፤ ዓለምን የሚያስጨንቀው ያ ዓይነቱ ከሰው ወደ ሰው መጋባት የለመደ ዕለት ነው። ለአዲስ ቫይረስ አዲስ ክትባት በብዛት ለማምረት ግማሽ ዓመት ያህል ይፈጃል። እስከዚያ ድረስ ያለው ጊዜ የሐኪም ቤቱና የሰፈሩ ነው።

ሐኪም ቤት አልኩ፤ አያቴ ሆስፒታል ብላ አታውቅም። ሆስፒታል ከላቲኑ ሆስፔስ የመጣ ነው፤ ላቲኖች እንግዳውንም አስተናጋጁንም በዚሁ አንድ ቃል ይጠሩ ነበር። ሆስፒታል መጀመሪያ የመንገደኛና የድኻ ማደሪያ ነበር፤ አልጋና ሾርባ እንጂ ሐኪም ኋላ ነው የመጣው። ሐኪም በበኩሉ ጠቢብ፣ አዋቂ ማለት ነው። ጠቢቡ የሚኖርበት ቤትና እንግዳው የሚያድርበት ቤት ኋላ አንድ ግቢ ገቡ።

የእኛ ሆስፒታል ግን ሦስተኛ ሰው አለው፤ አስታማሚ። ግሱን ተመልከቱ። ታመመ ከሚለው አሳመመ ይወጣል፤ ሕመም አመጣበት ማለት ነው። ከዚያው ከታመመ አስታመመ ይወጣል፤ ሕመሙን አብሮ ተሸከመለት ማለት ነው። በአሳማሚና በአስታማሚ መካከል ያለው የአንዲት «ት» ልዩነት ብቻ ነው።

አንድ ጊዜ አክስቴን ሳስታምም ሰንብቻለሁ። ሌሊት ከአልጋዋ ሥር ሰሌን ዘርግቼ፣ ቴርሞስና ምሳ ዕቃ ተደግፌ እተኛለሁ። ጠዋት ነርሷ በሩ ላይ ቆማ «የአልጋ 7 አስታማሚ!» ስትል እዘላለሁ፤ ስም አልነበረኝም። ደም ወደ ላቦራቶሪ አደርሳለሁ፣ መድኃኒት ከውጭ እገዛለሁ፣ አክስቴን አገላብጣለሁ። የአልጋ 8 አስታማሚ አንድ ወጣት ነበር፤ አባቱን ይዞ የመጣ። በሁለተኛው ቀን ማሳል ጀመረ። ለአባቱ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ተሰጠ፤ ለእሱ የሰጠው የለም፤ በመዝገብ ላይ ስለሌለ ማን ይስጠው? በአራተኛው ቀን እሱም ተኛ፤ አባቱን የሚያገላብጥ ጠፍቶ እኔ ከአልጋ 7 ወደ አልጋ 8 እመላለስ ጀመር። «ት» የወደቀችው እዚያ ላይ ነው።

አርባ አልጋ ያለው ክፍል አርባ በሽተኛ ብቻ አይደለም የያዘው፤ አርባ አስታማሚም አለበት፣ ከቀትር በኋላ ደግሞ ጠያቂው ይጨመራል። የአልጋና የኦክስጅን ሲሊንደር ቁጥር ይዞ አስታማሚን ያልቆጠረ የወረርሽኝ ዝግጅት ዕቅድ የሕዝቡን እኩሌታ ረስቷል። የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም፦ ለአንድ አልጋ አንድ አስታማሚ፣ ሳይቀያየር፤ ለእሱም መሸፈኛ፣ ለእሱም የእጅ መታጠቢያ ውኃ፤ የሚያስለው ከማያስለው በተለየ በር መግባት። ሌሊት ሌሊት መስኮቱን የሚዘጋውም እሱ ነውና ለምን ክፍት እንደሚሆን የሚያስረዳው ሰው።

ጠያቂስ? ቃሉ ራሱ መውጫ ሰጥቶናል። ጠየቀ ነው እንጂ ጎበኘ አላልንም፤ በሽተኛ ይጠየቃል፣ እስረኛም ይጠየቃል። መጠየቅ በስልክም መጠየቅ ነው። ኮሮና በመጣ ጊዜ ብዙ ሰው ይህን ለመቀበል አቅቶት ነበር፤ አልጋው ድረስ ሄዶ ካላዩት ያልጠየቁት ይመስላል። የራዲዮ ጣቢያዎች ያኔ ወሸባ የሚል ቃል ከመዝገበ ቃላት ጎትተው አወጡ፤ ሰዉ ግን ለይቶ ማቆያ በሚለው ጸና። (የፈረንጆቹ ኳራንቲን ከጣልያንኛው «አርባ ቀን» የመጣ ነው፤ ዛሬ ዱብሮቭኒክ የምትባለው ራጉሳ እ.ኤ.አ. በ1377 መርከበኞችን ስታገል ግን በሠላሳ ቀን ነበር የጀመረችው።)

ከሆስፒታሉ አጥር ውጭ ያለው ሥራ ይበልጣል፤ አብዛኛው የኢንፍሉዌንዛ በሽተኛ የሚተኛው ቤቱ ነውና። የ1911ዱ ዓይነት በሽታ ቤተሰብን በሙሉ ባንዴ ሲጥል ውኃ የሚያቀብል እንኳ ይጠፋል። አገሪቱ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ያሠለጠነቻቸው ከ30 ሺህ በላይ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሏት፤ ቤት ለቤት የሚዞሩ። እነሱ ብቻቸውን አይበቁም። በየሰፈሩ ድንኳን፣ ወንበር፣ ድስት፣ የአባላት መዝገብ፣ ጥሩንባ ነፊ ሳይቀር ያለው እድር ግን ተቀምጧል። እስከ ዛሬ የምንጠራው ሰው ከሞተ በኋላ ነው።

በመጪው ኅዳር 12 ጎማና ላስቲክ አታቃጥሉ፤ ጭሱ አስም ያለበትን ጎረቤት ያፍነዋል። መታጠን ያማራችሁ ዕጣን አለላችሁ። ይልቅ በዚያ ወር የእድራችሁ ስብሰባ ላይ እጃችሁን አውጡና አንዲት ጥያቄ ጠይቁ፦ በዚህ ሰፈር ሁላችንም በአንድ ሳምንት ብንተኛ፣ አስታማሚው ማን ነው? ጸሐፊው ስም በስም መዝገቡ ላይ ይጻፈው።