ማንቲሷን ማን ገደላት?

የቀድሞ ተማሪዎቼ «ቲቸር፣ ታሪክ መጻፍ ተዉት እንዴ?» ስትሉኝ ከርማችኋል። አልተውኩም። ዛሬ የያዝኩት ግን የአሟሟት ምርመራ ነው።

ሟቿ ማንቲስ ናት። ያቺ የፊት እግሮቿን አጥፋ ጸሎት ላይ ያለች የምትመስለው አረንጓዴ ፍጥረት። የልጄ ልጅ አየር ጤና ካለው ግቢያችን አጥር ላይ አግኝቷት፣ ክዳኑን በሚስማር በበሳሳው ዕቃ ውስጥ ዝንብ እያጠመደ ሲመግባት ወር አልፎት ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ሞታ ተገኘች።

ልጁ ገዳይ ለማግኘት ደቂቃ አልፈጀበትም። «ፍሊት ነፍታ ገደለችብኝ!» አለ፣ ቤት ወደምታግዘን ልጅ እየጠቆመ። ልጅቷ ከገጠር ከመጣች ገና ሁለት ወሯ ነው። «ወላሂ አልነካኋትም» ብላ እንባዋ መጣ። ቤቱ ሁሉ ዝም አለ። ዝም ሲባል ደግሞ እንደተፈረደባት ነው።

«ቆይ፣ ከፍርድ በፊት ማስረጃ» አልኩና ዕቃውን አብረን ከፈትነው። አንደኛ፣ ለምግብ የገቡት ሁለት ዝንቦች በሕይወት አሉ። ፍሊት ማንቲስ ገድሎ ዝንብ ይምራል እንዴ? ሁለተኛ፣ እንጨቷ ላይ አረፋ መስሎ የደረቀ ቡናማ ነገር ተለጥፏል። የዕንቁላሏ ከረጢት ነው። ማንቲስ ዕድሜዋ ከዓመት እምብዛም አያልፍም፤ ሴቷ ዕንቁላሏን ጥላ ብዙ ሳትቆይ ብትሞት የተፈጥሮ ነው። እንግዲህ ማስረጃው ወደ እርጅና እንጂ ወደ ልጅቷ አልመራም።

ይህን ሳደርግ ያሰብኩት ክፉ ቀንን ነው። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም ገደማ የአገራችን ከብት ረገፈ። ከአሥሩ ዘጠኙ አልቋል ተብሎ ይገመታል። በሬ ከሌለ እርሻ የለም፤ ድርቁና አንበጣው ተጨምሮበት ሰው እንደ ቅጠል ረገፈ። ምኒልክ ራሳቸው መቆፈሪያ ይዘው መሬት በመቆፈር ለሕዝቡ አርአያ ለመሆን እስከመሞከር ደርሰዋል። የከብቱ በሽታ በአማርኛ «ደስታ» ይባላል። ስሙን ከሥራው ጋር አስተያዩት እስቲ!

ያኔ «ምን ገደለው?» ተብሎ ሲጠየቅ ብዙው ሰው የመለሰው «የኃጢአታችን ቅጣት ነው» ብሎ ነበር። አልፈርድባቸውም፤ በእጃቸው ሌላ ማስረጃ አልነበረም። የታሪክ ጸሐፊዎች ግን በኋላ የሞቱን መንገድ ተከተሉ። መጀመሪያ የት ታየ? በሰሜን፣ በምጽዋ በኩል። ከዚያስ? ወደ ደቡብ ወረደ። በዚያው ጊዜ ምጽዋን ይዞ የነበረው የጣሊያን ጦር ለቀለቡ ከውጭ ከብት በመርከብ አስገብቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1896 ደግሞ ወረርሽኙ ደቡባዊ አፍሪካ ደርሷል። አቅጣጫው ራሱ ምስክር ሆነ ማለት ነው።

ገዳዩ የታወቀው ግን ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 ኒኮልና አዲል ቤይ የተባሉ ተመራማሪዎች ኢስታንቡል ውስጥ፣ የበሽታው መንስኤ ባክቴሪያን በሚያስቀር ማጣሪያ የሚያልፍ ነገር መሆኑን አሳዩ። ቫይረስ ነበር። ክትባት ተሠራ፤ ቆይቶም ሙቀት የሚችል ክትባት ሲገኝ የአፋር አርብቶ አደሮች ራሳቸው ሠልጥነው ማቀዝቀዣ በሌለበት በረሃ ከብታቸውን ከተቡ። እ.ኤ.አ. በ2011 በሽታው ከምድር መጥፋቱ ታወጀ። ከፈንጣጣ ቀጥሎ በሰው ጥረት የጠፋ ሁለተኛው በሽታ ነው።

ከሞቱ እስከ ምክንያቱ ድረስ ክፍተት አለ። አንዳንዴ ዓመታት፣ አንዳንዴ አንድ ቅዳሜ ጠዋት። ሰው ክፍተት አይወድም፤ ቶሎ አንድ ሰው ያስገባበታል። በየሰፈራችን ከብት ሲሞት፣ ልጅ ሲታመም «ቡዳ ነው» ተብሎ ስንቱ ተገልሏል? የሚገባበትም ሁሌ ጉልበት የሌለው፣ እንግዳው፣ ተከራካሪ የሌለው ነው።

የልጅ ልጄ ልጅቷን ይቅርታ ጠየቃት። ቀላል አልነበረም፤ አንገቱን ደፍቶ ነው። እሷም የዕንቁላሉን ከረጢት አጥሩ ላይ አሰረችለት። ከተፈለፈለ እነግራችኋለሁ።

እስቲ እናንተም ከአያቶቻችሁ ስለ ክፉ ቀን የሰማችሁትን ከታች ጻፉልኝ። ማን ተወቀሰ? ማንስ ተከራከረለት?