ሦስት ደቂቃን ማን ይለካል? ሞተር ሳያጠፉ መቆምን የሚከለክለው የኒው ዮርክ ደንብ

በኒው ዮርክ ከተማ የቆመ ተሽከርካሪ ሞተሩን ከሦስት ደቂቃ በላይ ማሠራት አይችልም፤ ትምህርት ቤት አጠገብ ከሆነ የሚፈቀደው አንድ ደቂቃ ብቻ ነው። ክልከላው አሥርተ ዓመታት ቢያስቆጥርም ለረጅም ጊዜ ከወረቀት አልዘለለም። ተቆጣጣሪው መጥቶ ሰዓቱን እስኪቆጥር ሹፌሩ ሞተሩን ያጠፋልና።

ለውጡ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ከተማው ማንኛውም ነዋሪ የጭነት መኪናና አውቶቡስ በቪዲዮ ቀርጾ እንዲያመለክትና ከሚሰበሰበው ቅጣት 25 በመቶውን እንዲወስድ ፈቀደ። ቀረጻው ሳይቋረጥ ከተፈቀደው ደቂቃ ማለፍ አለበት፤ የሞተሩ ድምፅ ሊሰማ፣ ታርጋውና በሩ ላይ የተጻፈው የድርጅት ስም ሊነበብ ይገባል። ቅጣቱ ከ350 ዶላር ይጀምራል፤ የሚከፍለውም ድርጅቱ ነው። ይህ አካሄድ ትክክል ይመስለኛል። ሹፌሩ በብርድ ወራት ጋቢናው እንዳይቀዘቅዝበት ሞተሩን ባያጠፋ፣ አማራጭ ማሞቂያ የመግጠም ኃላፊነት የባለንብረቱ ነው። ባለንብረቱም ከዚህ ይጠቀማል፤ በአርጎን ብሔራዊ ላቦራቶሪ ስሌት አንድ ከባድ መኪና ቆሞ ሞተሩ ሲሠራ በሰዓት ሦስት ሊትር ገደማ ናፍጣ ይፈጃል።

የደንቡ ደካማ ጎን ያለው በልዩ ሁኔታው ላይ ነው። ሞተሩ የመጫኛ፣ የማውረጃ ወይም የማቀነባበሪያ መሣሪያ የሚያንቀሳቅስ ከሆነ ክልከላው አይመለከተውም። ችግሩ የሚጎላው ምግብ እያቀዘቀዙ በሚያጓጉዙ መኪኖች ላይ ነው። በትናንሾቹ ማቀዝቀዣው ከዋናው ሞተር ኃይል ሊወስድ ይችላል፤ በረጃጅም ተጎታቾች ላይ ግን ብዙውን ጊዜ የራሱ የናፍጣ ሞተር አለው። በደቡብ ብሮንክስ ሀንትስ ፖይንት የአትክልትና ፍራፍሬ ገበያ መጋዘኑ ስለማይበቃ፣ ተጎታቾቹ ራሳቸው እንደ ማቀዝቀዣ ክፍል ሆነው ሌሊቱን ሙሉ ሲያጓሩ ያድራሉ። አካባቢው በሕፃናት አስም ከከተማው እጅግ ከተጎዱት አንዱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የናፍጣ ጭስን ካንሰር አምጪ ብሎ የመደበው እ.ኤ.አ. በ2012 መሆኑ ሲታሰብ ነገሩ ይበልጥ ያሳዝናል።

የነዋሪዎች ጥቆማ በአብዛኛው የሚመጣው ከማንሃታን ነው፤ ጭሱ የከበደው ግን ብሮንክስ ላይ ነው። ሽልማቱ ጠቋሚ ባለበት ሰፈር ሕጉን ያስከብራል፤ የገበያውን ተጎታች ግን አያጠፋውም። ለዚያ የሚያስፈልገው በየማራገፊያው በር የኤሌክትሪክ መሰኪያ መዘርጋት፣ መሰኪያው ባለበት ቦታ ሁሉ ደግሞ ልዩ ሁኔታውን መሰረዝ ነው።