ከወስፌ እስከ ስለት፦ የድርብርብ ተለጣፊ ሥራ በመርካቶ

በአማርኛ «ተራ» የሚለው ቃል ቢያንስ ሦስት ፍች አለው። አንደኛው ወረፋ ወይም ቅደም ተከተል ነው፤ ሁለተኛው እንደ ሸማ ተራና እንደ ምናለሽ ተራ አንድ ዓይነት ንግድ ወይም ሙያ የሰፈረበት የገበያ ክፍል ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ ተርታ የሆነ፣ ብዙ ግምት የማይሰጠው ነገር ማለት ነው። በአዲስ አበባ ሰማያዊና ነጭ ሚኒባሶች መስተዋት ላይ፣ በባጃጆች ጀርባና በየሱቁ በር የሚታየው ባለብዙ ቀለም ተለጣፊ፣ ሠሪውም ደንበኛውም «ስቲከር» የሚለው፣ በሦስተኛው ፍች ተራ ነገር ነው። አሠራሩ ግን በመጀመሪያው ፍች ላይ የቆመ ነው። የትኛው ቀለም እንደሚቀድም፣ የትኛው እንደሚከተልና በየትኛው ነጥብ ላይ እንደሚያርፍ አስቀድሞ ካልተወሰነ ሥራው ይበላሻል። መቁረጡን መኪና ከወሰደው በኋላ እንኳ ማዛመዱ በሰው እጅና ዓይን ቀርቷል። ይህ ዕውቀት ከየት እንደመጣና ምን ያህል እንደሚያወጣ መመርመር ደግሞ ለመሐንዲስ የሚገባ ሥራ ነው።

የማዛመድ ሙያ ጥንተ መሠረት

ቀለምን በቦታው የማሳረፍ ጉዳይ ለአገሩ እንግዳ አይደለም። የብራና ጸሐፊ ብዕሩን ከማንሳቱ በፊት የብራናውን ዳርና ዳር በወስፌ ይወጋል፤ ከቀዳዳ እስከ ቀዳዳም መስመር ያሰምራል። ቀዳዳዎቹ ለአንባቢ ምንም አይናገሩም። አገልግሎታቸው ዓምዱና መስመሩ ከቅጠል ቅጠል እንዲስማማ ማድረግ ነው። ጽሕፈቱም ባለሁለት ቀለም ነው። ጸሐፊው ዋናውን ንባብ በጥቁር እየጻፈ ሲሄድ፣ በቀይ ለሚጻፈው ስም ቦታ ትቶ ያልፋል። የተተወው ቦታ ከጠበበ ስሙ ይጨናነቃል፤ ከሰፋም ክፍተቱ ያስታውቃል። ስሙ ሳይሞላ ባዶውን የቀረ ቦታ ያለባቸው ብራናዎችም አሉ።

የማተሚያ ጥበብ ይህንኑ ችግር በሌላ መልክ አመጣው። እ.ኤ.አ. በ1837 ጎዶፍሯ አንግልማን የተባለ ፈረንሳዊ በድንጋይ ላይ የቀለም ኅትመት ዘዴ የባለቤትነት መብት ሲያገኝ፣ ለእያንዳንዱ ቀለም የተለየ ድንጋይ ያስፈልግ ነበር። ወረቀቱ በየድንጋዩ ላይ ሲያልፍ ሥዕሉ እንዳይዛነፍ ከሥዕሉ ውጭ የማዛመጃ ምልክት ይደረጋል። በአገራችንም ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ በተስፋፋው የኅትመት ሥራ፣ ቀይና ጥቁር በአንድ ገጽ ለማውጣት ሲፈለግ ጥያቄው ይኸው ነበር።

የጽሕፈት መኪናም ከዚሁ ወገን ነው። ኢንጂነር አያና ብሩ ለአማርኛ የጽሕፈት መኪና ለማበጀት ሲደክሙ የተጋፈጡት እንቅፋት፣ ከሁለት መቶ የሚበልጠውን ፊደል በጥቂት ቁልፎች ላይ ማስፈር ነበር። መፍትሔው የፊደሉን አካልና ቅጥሉን ለያይቶ፣ አንዱን በአንዱ ላይ እየመቱ ማገናኘት ሆነ። በዚህ ዓይነት መኪና የተጻፈ ደብዳቤ ያየ ሰው፣ ቅጥሉ ከእግሩ ፈንጠር ብሎ የቀረበትን ፊደል ያስታውሳል። የማዛመድ ጉድለት ማለት በቁሙ ይህ ነው።

መርካቶና ታፔላው

መርካቶ በዛሬው ቦታው የተመሠረተው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው የጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። ወራሪው የከተማዋን ነዋሪ በዘር ለያይቶ ለማስፈር ሲያቅድ፣ በአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ የነበረውን የአገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ አዛወረው። ስሙም ከጣሊያንኛ የቀረ ነው። ለሱቅ ማስታወቂያ ሰሌዳ የምንጠቀምበት «ታፔላ» እና ለተሽከርካሪ ሰሌዳ የምንጠቀምበት «ታርጋ» ከዚያው ቋንቋ የተወረሱ ናቸው።

ለረጅም ዓመታት ታፔላ የሚሠራው በእጅ ነበር። ሠዓሊው ቆርቆሮውን መደብ ቀለም ይቀባል፤ በእርሳስና በክር መስመር ያወጣል፤ ከዚያ ፊደሉን በብሩሽ ይሞላል። ጥላ ያለው ፊደል ሲታዘዝ ሁለት ቀለም ይደራርባል። ጥላው ይቀድማል፣ ሲደርቅ ዋናው ፊደል ከላዩ ይከተላል። ተመሳሳይ ጽሑፍ በብዛት ሲፈለግ ካርቶን ወይም ስስ ቆርቆሮ ተፈልፍሎ ቀለሙ በቀዳዳው ይረጫል። በዚህ ሥራ ትንሽ ስሕተት ይቅር ይባል ነበር፤ ምክንያቱም ቀለሙ እርጥብ ሳለ ጠርዙን በጨርቅ መጥረግ፣ ከደረቀም በላዩ መድገም ይቻላልና።

የመኪናው መምጣት

ተለጣፊው የተገኘው ከሁለት ግኝቶች ጋብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1926 ዋልዶ ሲመን በጉድሪች ኩባንያ ውስጥ ደረቁን ፒቪሲ እንዲተጣጠፍ አድርጎ አለዘበው፤ በ1935 ደግሞ ስታንተን ኤቨሪ ማጣበቂያው ከጀርባው ያለ፣ ከወረቀቱ ተልጦ የሚለጠፍ መለያ ለገበያ አቀረበ። መቁረጫውን ለማስታወቂያ ሥራ በማዋል ስሙ የሚነሳው ጆሴፍ ገርበር ነው። ገርበር በቪየና ተወልዶ ከናዚዎች አገዛዝ ያመለጠ፣ እ.ኤ.አ. በ1940 ወደ አሜሪካ የተሰደደ መሐንዲስ ነው። ተማሪ ሳለ የመጀመሪያውን ተለጣጭ ማስመሪያ የሠራው ከሌሊት ልብሱ መቀነት በወሰደው ላስቲክ እንደነበር ይነገራል። በ1960ዎቹ መጨረሻ ብዙ ንብር ጨርቅ በአንድ ጊዜ የሚቆርጥ መኪና አወጣ፤ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ኩባንያው በኮምፒዩተር የሚመራ የተለጣፊ ፊደል መቁረጫ አቀረበ።

በአገራችን የ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥን ተከትሎ የግል ንግድ ሲስፋፋ፣ በየሱቁ አዲስ ታፔላ፣ በየመኪናው አዲስ ምልክት ተፈለገ። ኮምፒዩተርና የግዕዝ ፊደል ፕሮግራሞችም ተዳረሱ። እ.ኤ.አ. በ1999 የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ውስጥ ገባ። የመቁረጫው መኪና በመርካቶ ጠባብ ሱቆች ቦታ የያዘው በዚህ ሂደት ነው።

አሠራሩ ቀላል ይመስላል። ጥቅሉ በጎማ ሮለሮች ተይዞ ወደፊትና ወደኋላ ይሄዳል፤ ስለቱ ደግሞ ከግራ ወደ ቀኝ ይመላለሳል። የስለቱ ጫፍ ከመዞሪያው እምብርት በጥቂቱ፣ ብዙ ጊዜ 0.25 ሚሊ ሜትር ያህል፣ ፈንጠር ያለ ነው። መኪናው ይህ ልክ ካልተነገረው ማዕዘኑ ሁሉ ይዶለዱማል። ጥልቀቱም ፕላስቲኩንና ማጣበቂያውን ቆርጦ የጀርባውን ወረቀት ሳይነካ እንዲቆም ይስተካከላል። ቀጥሎ ትርፉ ተለቅሞ ይነሳል፤ የቀረው በማዛወሪያ ወረቀት ተነሥቶ ይለጠፋል።

የግዕዝ ፊደል እዚህ ላይ የራሱ አስቸጋሪነት አለው። የ«ሌ» እና የ«ቤ» ቀለበት ትንሽ ከሆነ ውስጡ ሲለቀም ቀለበቱ አብሮ ይነሳል። የአራት ነጥብ አራቱ ነጥቦችም ከትርፉ ጋር ተነቅለው የሚጠፉበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ ለላቲን ፊደል የተለመደው አነስተኛ መጠን ለአማርኛ አይበቃም፤ ፊደሉ መጉላት ወይም መወፈር አለበት።

ንብር በንብር

ድርብርብ ሥራ ሲመጣ እያንዳንዱ ቀለም ከተለየ ጥቅል፣ በተለየ ጊዜ ይቆረጣል። መኪናው እያንዳንዱን በትክክል ቢቆርጥም አንዱን ከአንዱ ጋር አያገናኝም። ከዚህም በላይ ፕላስቲኩ ራሱ አይታመንም። ርካሹ ዓይነት በሮለሮች እየተዳመጠ የሚወጣ በመሆኑ ተወጥሮ የቆየው ገላው ሙቀት ሲያገኝ ይሸበሸባል፣ ይሰበሰባል። ፈስሶ እየረጋ የሚሠራው ዓይነት ግን ቀጭንና የተረጋጋ ነው፤ ዋጋውም ከፍ ይላል። ገርበርን ያገለገለው የላስቲክ መለጠጥ፣ በተለጣፊ ሠሪ ላይ ጠላት ሆኖ ይመጣል ማለት ነው።

ለዚህ ሦስት መድኃኒት አለ። የመጀመሪያው ምልክት ነው። ከሥዕሉ ውጭ ሁለት ትንንሽ አራት ማዕዘኖች በሁሉም ቀለሞች ላይ በአንድ ቦታ ይቆረጣሉ፤ የላይኛው ምልክት በታችኛው ላይ ሲያርፍ ሥዕሉም በሥዕሉ ላይ ያርፋል፤ በመጨረሻም ምልክቶቹ ይነሳሉ። ሁለተኛው መደረብ ነው። ሁለት ቀለሞች ጠርዝ ለጠርዝ እንዲገጥሙ ከማድረግ ይልቅ አንዱ በሌላው ሥር አንድ ሚሊ ሜትር ያህል እንዲገባ ይደረጋል፤ ፕላስቲኩ ቢሰበሰብም ክፍተት አይታይም። ሦስተኛው ውኃ ነው። ጥቂት ሳሙና የተጨመረበት ውኃ በታችኛው ንብር ላይ ሲረጭ ማጣበቂያው ወዲያው ስለማይዝ የላይኛውን ገፋ አድርጎ ማስተካከል ይቻላል፤ ከዚያ ውኃው በፕላስቲክ መጫኛ ተገፍቶ ይወጣል።

ከ1988 ዓ.ም. ወዲህ በመካከሉ ሰማያዊ ክብና ቢጫ ኮከብ ያለበት ሰንደቅ ዓላማ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ሥራውን ያልተማረ ሰው ሦስቱን ቀለሞች ጎን ለጎን ይገጥማል፤ በላያቸው ክቡን፣ በክቡ ላይ ኮከቡን ያኖራል። በዚህ መንገድ አምስት ቁራጭና አራት ማዛመድ ይኖራል። ያሰበበት ግን ቢጫውን ሙሉ መደብ አድርጎ ይዘረጋል፤ አረንጓዴውንና ቀዩን ከክቡ በታች ጎድጎድ አድርጎ ቆርጦ በላዩ ያኖራል፤ ኮከቡን ደግሞ ከሰማያዊው ክብ ላይ ፈልፍሎ ያወጣል። በቀዳዳው የሚታየው የሥሩ ቢጫ ራሱ ኮከብ ይሆናል። አንድ ንብርና አንድ ማዛመድ ቀረ፤ ኮከቡም በክቡ ላይ ሊዛነፍ የሚችልበት መንገድ ተዘጋ። ጸሐፊው ለቀዩ ስም ቦታ ትቶ እንደሚያልፍ ሁሉ፣ ይህም በመተው የሚሠራ ሥራ ነው።

የሚቀረውና የሚጠፋው

ዛሬ ሁሉንም ቀለም በአንድ ሉህ ላይ የሚያትሙ መኪናዎች በገበያው ሞልተዋል። ስለዚህ ድርብርቡ ሥራ እየቀነሰ መሄዱ አይቀርም። ይሁን እንጂ ሁለት ነገር መታሰብ ይገባዋል። አንደኛ፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ ፀሐይ ለኅትመት ቀለም ብርቱ ናት፤ ከገላው ጀምሮ ቀለም ያለው ፕላስቲክ መከላከያ ካልለበሰ ኅትመት ይልቅ ይቆያል። ሁለተኛ፣ አዲሱ መኪናም የታተመውን ሥዕል ዙሪያውን ለመቁረጥ ሲፈልግ አስቀድሞ በዓይነ ብርሃኑ የሚፈልገው በማዕዘን የታተሙትን የማዛመጃ ምልክቶች ነው። የወስፌው ቀዳዳ መልኩን ለውጦ ቀጠለ እንጂ አልቀረም።

የሚያሰጋው የመኪናው መለወጥ አይደለም። ስንት ሚሊ ሜትር መደረብ እንደሚበቃ፣ የትኛው ቀለም መደብ መሆን እንዳለበት፣ የአማርኛ ፊደል ከምን መጠን በታች እንደማይቆረጥ የሚያውቀው ሠራተኛ፣ ዕውቀቱን ያገኘው ፕላስቲክ እያበላሸ፣ ኪሳራውን እየከፈለ ነው። ሱቁን ለቆ ሲሄድ ይዞት ይሄዳል፤ ተተኪውም ያንኑ ኪሳራ ከመጀመሪያው ይከፍላል። የታፔላ ሠዓሊዎቹ ዕውቀት በአብዛኛው በዚህ መንገድ አልፏል። መሐንዲሶች እነዚህን ልኮች በየሱቁ ሄደው ቢለኩ፣ በአማርኛ ቢጽፉና ለሙያ ትምህርት ቤቶች ቢያደርሱ፣ ሠራተኛው በገንዘቡ የገዛው ትምህርት ለተተኪው በነፃ ይደርሰዋል።