የአጎቴ ቮልስና የእንጦጦ ቁልቁለት

የ1984 ዓ.ም. ገቢዎች ሆናችሁ የአጎቴን ሰማያዊ ቮልስ የማታስታውሱ ትኖራላችሁ ብዬ አልገምትም። አምስት ኪሎ በር ላይ ቆማ ስንቱን አሳፍራለች፤ ስንቱንም አስገፍታለች። አዘጋጆቹ ትዝታ ጻፍ ሲሉኝ ግን መጀመሪያ የመጣልኝ ፍሬኗ ነው። በእሱ ምክንያት አራታችን ልናልቅ ነበርና።

አስቀድሜ ስለ ታምቡር ፍሬን ታሪክ ጥቂት ልበል። ፈረንሳዊው ሉዊ ሬኖ በመኪኖቹ ላይ የሠራበት በእ.ኤ.አ. 1902 ነው። ታምቡር ማለት ከጎማው ጋር የሚዞር ጎድጓዳ ብረት ነው፤ ፔዳሉ ሲረገጥ ውስጡ ያሉት ሁለት ሸራዎች ወደ ውጭ ተገፍተው ይይዙታል። በድሮዎቹ መኪኖች ሸራውን የሚገፋው ሽቦ ወይም ዘንግ ነበር። ለውጭ ገበያ የሚሠሩት ቮልሶች ከ1950 ጀምሮ በፍሬን ዘይት ሲሠሩ፣ ርካሹ ሞዴል እስከ 1962 በሽቦ ቆይቷል። ጃጓር በ1953 በዲስክ ፍሬን የሌ ማንን ውድድር ካሸነፈ በኋላ ታምቡር ቀስ በቀስ ከፊት ጎማ ወጣ። ጠላቱ ሙቀት ነበር። ይህን ግን እኔ የተማርኩት እንጦጦ ላይ ነው።

1986 ዓ.ም.፣ ሦስተኛ ዓመት ነን። ፔዳሏ ሁለቴ ካልተረገጠ አልይዝ አለ። ሸራው ሲሳሳ ከታምቡሩ ይርቃል፤ ስለዚህ ማስተካከል ይፈልጋል። ይህችን አውቃለሁ። ማንንም ሳልጠይቅ በክሪክ አነሳኋት፣ በቀዳዳው ካቻቢቴ አስገብቼ የማስተካከያውን ጥርስ አጠበቅኩና ተውኩት። ፔዳሉ ጠነከረ፤ እኔም ጎረርኩ።

ቅዳሜ እንጦጦ ወጣን። ስንመለስ ቁልቁለቱ መሀል የተቃጠለ ነገር ሸተተን። «የባሕር ዛፍ ጭስ ነው» አልኩ። ሽሮ ሜዳ ሳንደርስ ፔዳሉ ወለል ነካ። ማርሹን ወደ ሁለተኛ መልሼ፣ የእጅ ፍሬኑን ስቤ፣ ከመንገድ ዳር የአፈር ቁልል ጋር አላተምኳት። እንጨት የተሸከሙ አንዲት እናት ሦስት እርምጃ ያህል ቢቀሩን ነው። ፊታቸው እስከ ዛሬ አይጠፋኝም።

ሰኞ ወደ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ወሰድኳት። የፊት ታምቡሩ ከመጋሉ የተነሳ መልኩ ተለውጧል። «ልጄ፣ መተንፈሻ ነሳኸው እኮ» አሉኝ። ሸራው ሁልጊዜ ከነካ ታምቡሩ ይግላል፤ ሲግል ይሰፋና ከሸራው ይሸሻል፤ ሸራውም የመያዝ ኃይሉን ያጣል። ዘይቱ ከፈላ ደግሞ ፔዳሉ ይሰምጣል።

ከዚያ ቁጭ አድርገው አሳዩኝ። ለእያንዳንዱ ሸራ የራሱ ማስተካከያ አለው። ጎማው አልዞርም እስኪል አጥብቅ፤ ሦስት አራት ጥርስ መልስ፤ በእጅህ አዙረህ ስማው፤ በጥቂቱ ሸረር እያለ በነፃ ይዙር። ፔዳሉን ረግጠህ ሸራው ቦታውን ሲይዝ እንደገና ስማ። የእጅ ፍሬኑ መጨረሻ ላይ ነው። መኪናዋ ወደ ቀኝ ከጎተተች የቀኙን ብቻ አትክሰስ፤ የግራው ሸራ በዘይት ርሶ ሰንፎ ይሆናል። ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ከላላ አየር ገብቷል፤ ማጥበቅ አያድነውም።

ፍሬን፣ ታምቡር፣ ክሪክ፣ ካቻቢቴ፤ ሁሉም ከጣልያንኛ የወረስናቸው ቃላት ናቸው። እኛ በእንግሊዝኛ ስለ ሰበቃና ሙቀት ፈተና ስናልፍ፣ እኚህ ሰው በእነዚያ ቃላት ያንኑ ሳይንስ በጆሯቸው ያውቁት ነበር። ከበሩ ማዶ የነበረውን ያንን ትምህርት ቤት አለመጠየቄ ሰው ሊያስገድለኝ ነበር። ስለ ትምህርታችን ታሪክ ስንጽፍ እነሱንም እንጻፍ ባይ ነኝ።

አጎቴ ዐርፈዋል፤ ቮልሷ ግን እኔ ግቢ አለች። ለዘንድሮው ስብሰባ የምመጣው በእሷ ነው። ሦስታችሁም እንደገና ብትሳፈሩ ደስ ይለኛል። አትፍሩ፣ ሦስት ጥርስ መልሻለሁ።