ካኒዱድ

ካኒዱድ (ሳይንሳዊ ስሙ፦ ጎኒያሎዬ ቫሪዬጋታ) በደቡብ አፍሪካና በናሚቢያ ደረቅ ምድር የሚበቅል ትንሽ የእሬት ዘመድ ነው። ስሙ በአፍሪካንስ ቋንቋ «መሞት የማይችል» ማለት ነው። በአገሩ የዘላለም ሕይወት ምልክት ተደርጎ በመቃብር ላይ ይተከል ነበር። በሰው ቤት ግን ብዙ ጊዜ ይሞታል፤ የሚገድለውም ድርቅ ሳይሆን ውኃ ነው።

አውሮፓውያን ተክሉን የመዘገቡት የኬፕ ገዥ ሲሞን ፋን ደር ስቴል በ1685 እ.ኤ.አ. መዳብ ፍለጋ ወደ ናማኳላንድ በተጓዘ ጊዜ ነበር። ካርል ሊኔየስ በ1753 እ.ኤ.አ. «አሎዬ ቫሪዬጋታ» አለው። በ2014 እ.ኤ.አ. ከሁለት የቅርብ ዘመዶቹ ጋር ወደ ጎኒያሎዬ ወገን ስለ ተዛወረ፣ ዛሬም በሁለቱም ስሞች ይጠራል።

የተክሉ ጸባይ

ቁመቱ ከ25 ሳንቲሜትር እምብዛም አይበልጥም። ዋና መለያው የቅጠሎቹ አደራደር ነው፦ ከላይ ሲያዩት በሦስት ረድፍ ተደራርበው ይታያሉ። እያንዳንዱ ቅጠል እንደ ጀልባ ወደ ውስጥ የታጠፈ፣ ጥቁር አረንጓዴ፣ ነጫጭ ነጠብጣቦች እንደ መቀነት የተሰለፉበት ነው። ገና ችግኝ ሳለ ግን ቅጠሎቹ በሁለት ረድፍ ብቻ ስለሚወጡ ሌላ ተክል ሊመስል ይችላል።

ብዙ ሰው ሃዎርቲዮፕሲስ ከተባለው፣ ነጭ መስመር ካለው የቤት ተክል ጋር ያምታታዋል። በጣት መዳሰስ ይበቃል፦ የዚያኛው ነጭ ምልክት ያበጠ ኪንታሮት ሲሆን፣ ካኒዱድ ግን ለስላሳ ነው፤ ሻካራው የቅጠሉ ጠርዝ ብቻ ነው። አበባም ይለያቸዋል። የሃዎርቲዮፕሲስ አበባ ትንሽና ነጣ ያለ ሲሆን፣ የካኒዱድ አበባ እንደ ቱቦ የረዘመ፣ ከሮዝ እስከ ደብዛዛ ቀይ ነው። በአገሩ ከሐምሌ እስከ መስከረም ሲያብብ ወፎች ማሩን ሊቀስሙ ይመጣሉ።

አስተዳደግ

በዱር ብዙ ጊዜ በቁጥቋጦ ጥላ ሥር ስለሚገኝ፣ ብርሃን ቢወድም የቀትር ፀሐይ ቅጠሉን ያቀላዋል። አፈሩ ግማሽ ያህሉ ሸካራ አሸዋ ወይም ደቃቅ ጠጠር ይሁን፤ መትከያውም ከታች ቀዳዳ ያለው የሸክላ ዕቃ ቢሆን ይመረጣል። ውኃ የሚጠጣው አፈሩ እስከ ታች ከደረቀ በኋላ ነው። በቅጠሎቹ መካከል ውኃ ከቆመ ከመሃሉ ይበሰብሳል፤ ስለዚህ አፈሩን እንጂ ተክሉን አታጠጡ። በኢትዮጵያ ደጋ በረንዳ ላይ የሚያሳድገው ሰው በክረምት ከዝናብ ሊከልለው ይገባል።

ቅጠሉ የተሸበሸበ ተክል ሁልጊዜ ውኃ የጠማው አይደለም። አፈሩ እርጥብ ሆኖ ቅጠሉ ከተሸበሸበ ሥሩ በስብሶ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ነቅሎ የበሰበሰውን ቆርጦ መጣል፣ ቁስሉን ለጥቂት ቀናት በጥላ ማድረቅ፣ ከዚያም በደረቅ አፈር እንደገና መትከል ያድነዋል፤ ሁልጊዜ ግን አይሳካም።

የሚራባው በዘር ወይም ከሥሩ በሚያቆጠቁጡ ቡቃያዎች ነው። ቅጠሉ ተቆርጦ ቢተከል አይበቅልም።