ቤቱ በቴሌግራም፣ ሐራጁ በጋዜጣ

የቤት ማስታወቂያ ከጋዜጣ ወደ በይነ መረብ ስለ መሻገሩ ሲወሳ ቀድሞ የሚነሳው የአውስትራሊያ ታሪክ ነው። የሜልበርኑ «ዘ ኤጅ» እና የሲድኒው «ሲድኒ ሞርኒንግ ሄራልድ» ባለቤት የነበረው ፌርፋክስ ከቤት፣ ከመኪናና ከሥራ ማስታወቂያ የሚዝቀው ገቢ «የወርቅ ወንዝ» ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 ሜልበርን ውስጥ በአንድ ጋራዥ የተጀመረው፣ ዛሬ አርኢኤ ግሩፕ የሚባለው የበይነ መረብ ድርጅት ከወንዙ የቤት ማስታወቂያውን ትልቅ ድርሻ ወደ ራሱ ቦይ ጠለፈው። ፌርፋክስም እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ከቴሌቪዥን ኩባንያው ናይን ጋር ተዋህዶ ስሙ ጠፋ።

ይህን ትረካ እንዳለ አምጥቶ አዲስ አበባ ላይ መጫን ግን ያሳስታል። የእኛ ጋዜጦች ዋነኛ እንጀራ ጨረታ፣ ሐራጅና ክፍት የሥራ ቦታ ነበር፤ አራት ኪሎ ላይ ወጣቶች ጋዜጣ በሳንቲም ተከራይተው ቆመው ያነብቡ የነበረውም ሥራ ፍለጋ ነው። ቤቱን ለመሸጥ የቆረጠ ሰው ማስታወቂያ ከማስነገሩ በፊት ደላላ ይጠራል። እናም ቴሌግራም ሲመጣ ገበያ የወሰደው ከጋዜጣው ይልቅ ከደላላው አፍና ማስታወቂያ ከሚለጠፍበት የኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ ነው። ደላላውም ቢሆን አልከሰረም፤ ቻናል ከፈተ።

በቻናሎቹ የሚወጣው ጽሑፍ ራሱን የቻለ ዘይቤ አለው፦ «ጂ+1፣ 200 ካሬ፣ ካርታ ያለው፣ ሰርቪስ ቤት ያለው፣ ዋጋው ድርድር አለው»። አድራሻው ከሰፈር ስም አያልፍም፤ ቦታው በትክክል ከታወቀ ገዢው ደላላውን ዘሎ ባለቤቱ ዘንድ ይሄዳላ! አንድ ሳሎን፣ ያው ሶፋና ያው መጋረጃ፣ በሦስት ቻናል በሦስት ዋጋ ተለጥፎ አይቻለሁ። በማግስቱ አንደኛው ዋጋ ተስተካክሎ ነበር፤ ሌላኛው ጽሑፍ ጭራሽ ጠፍቷል። ይሁን እንጂ ቻናሉ ጋዜጣ ያልደረሰበት ደርሷል። ዋሺንግተን ያለ ገዢ የቤቱን ቪዲዮ ሌሊት አይቶ፣ ጠዋት ወንድሙን ልኮ ያስጎበኛል፤ ከተስማማው ውክልና ይልካል።

አሁን ደግሞ በጋዜጣ የሚወጣ የባንክ ሐራጅ ማስታወቂያ እንመልከት። ሠንጠረዥ ነው፤ የተበዳሪው ስም፣ የንብረት አስያዡ ስም፣ ክፍለ ከተማ፣ ወረዳ፣ የቤት ቁጥር፣ የካርታ ቁጥር፣ የቦታ ስፋት፣ የመነሻ ዋጋ፣ ሐራጁ የሚካሄድበት ቀንና ሰዓት። ከሥሩ ተጫራቾች የመነሻ ዋጋውን አንድ አራተኛ በሲፒኦ እንዲያስይዙ ያዝዛል። ቻናሉ የሚሸሽገውን ሁሉ ይህ ይዘረግፈዋል፤ የተበዳሪውን ውርደት ሳይቀር። ጎረቤት በጋዜጣ ስሙን ያየበት ሰው ምን እንደሚሰማው የሚያውቅ ያውቀዋል።

ልዩነቱ የሕግ ነው። አዋጅ ቁጥር 97/1990 ባንክ በመያዣ የያዘውን ንብረት ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዲሸጥ ሥልጣን ሲሰጠው፣ ለባለዕዳው ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥና የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉን የሐራጅ ድንጋጌዎች እንዲከተል አስገድዶታል። ተበዳሪው በኋላ «ሐራጁ በሥርዓቱ አልታወጀም» ብሎ ቢከስ ባንኩ የሚያቀርበው ማስረጃ ያ የጋዜጣ ገጽ ነው። የታተመ ጋዜጣ ቀን አለው፤ በማግስቱ ገብቶ ዋጋ የሚያስተካክልበት የለም። በፈቃድ የሚሸጠው ቤት ይህን ያህል ምስክር ከማስታወቂያው አይፈልግም፤ ምስክሩን የሚያገኘው በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723 መሠረት ውሉ ውልና ማስረጃ ፊት ሲፈረም ነው። ማስታወቂያው ገዢና ሻጭን ካገናኘ ሥራው አለቀ።

ስለዚህ «ጋዜጣ በኦንላይን ተተካ» የሚለው አባባል ሁለት የተለያዩ ሥራዎችን ያምታታል፤ ማፈላለግንና ማወጅን። እዚህ አገር የተሻገረው ማፈላለጉ ነው። ማወጁ እስካሁን በቀለም ይጻፋል፣ ለዚያውም አንባቢው ወረቀቱን ትቶ ከሄደ በኋላ። የሐራጅ መረጃ የሚለጥፉ ቻናሎችን የከፈተ ሰው ይህን በዓይኑ ያያል። ሠንጠረዡን እንደገና አይተይቡትም፤ የጋዜጣውን ገጽ በስልክ ፎቶ አንስተው፣ አንዳንዴ እጥፋቱና የአንሺው አውራ ጣት ጭምር እየታየ፣ እንዳለ ይለጥፉታል።