ኮሎኬሽንን ጥማድ ብንለውስ?

ሰሞኑን አንድ የሥልጠና ጽሑፍ ላይ «የፋርጣን በግ ዳግም ማምረት» የሚል አነበብሁ። በግ ሳሙና ነው እንዴ? ጸሐፊው የእንግሊዝኛውን «ሪፕሮዱስ» ከመዝገበ ቃላት አውጥቶ፣ አጠገቧ ያለው በግ ይሁን ፎቶግራፍ ሳያይ ተርጉሟታል። የትኛው ግስ ከየትኛው ስም ጋር እንደሚውል በልማድ የጸና ነገር ነው፤ የቋንቋ ሰዎች ኮሎኬሽን ይሉታል።

ለዚህ ስም «የቃላት ጥምረት» የሚል ትርጉም ይሰጡታል። አልወደድሁትም። ጥምር ቃል በሰዋስዋችን ቦታው የተያዘ ነው፤ «ቤተ መጻሕፍት» ጥምር ቃል ነው፣ ሁለቱ አንድ ሆነዋል። «ቁርኝት» የሚሉም አሉ። ቁራኛ ግን ድሮ ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ሰንሰለት የሚታሰሩበት ነበር፤ ቃላቱ ምን በደሉ?

እኔ «ጥማድ» እላለሁ። ሁለት በሬዎች አብረው ያርሳሉ፣ ሲመሽ ይፈታሉ፣ ነገ አንዱ ከሌላ ጋር ሊጠመድ ይችላል። «ጥማድ የመሬት ልክ አይደለም ወይ?» ለሚለኝ፣ ነው፤ ልኩም የወጣው በጥንድ በሬ ከሚታረሰው መሬት ነው።

አሁን የ«ሪፕሮዱስ»ን ትርጉሞች ከየስማቸው ጋር እንጥመድ። የፎገራ ሩዝ ዘሩ ይባዛል። የቤተልሔም የድጓ ተማሪ ድጓውን በእጁ ይገለብጣል፤ «ዘር መገልበጥ» ብንል ግን ገበሬው ጆንያው የተደፋበት ይመስለዋል። በግና ዶሮ እናረባለን። ላም ላይ ስንደርስ ጥንቃቄ ያሻል፦ የፎገራን ላም ከፍሪዥያን ማዳቀል አንድ ሥራ ነው፣ ዝርያዋን ለይቶ ማርባት ሌላ። እንዲያውም ይጣላሉ፤ ንጹሑ የፎገራ ዝርያ እየተመናመነ የመጣበት አንዱ ምክንያት ድቀላው ነው። ሁለቱንም «ማባዛት» ብሎ የሚጽፍ ሪፖርት ጠቡን ይሸፍነዋል።

«አረባ»ን እዚህ ላይ ሳላሞግስ አላልፍም። የቅኔ ተማሪም ግስ ያረባል፤ ከአንድ ግስ ልጅና የልጅ ልጅ ያወጣል። ፋርጣ ላይ እረኛውና የቆሎ ተማሪው በአንድ ግስ ይሠራሉ። ይህን የያዘ ቋንቋ «ሪፕሮዱስ ማድረግ»ን ምን ይሁነኝ ብሎ ይበደራል? «የማይረባ» የሚለውም የ«አረባ» ዘመድ ነው፤ ለ«ዳግም ማምረት» ጥማድ ይሆነዋል።

«ክሎን»ን ግን ተውት። ለሱ የሚሆን ግስ እስኪገኝ «ክሎን አደረገ» ማለት አያሳፍርም።